ብረቱ የገባው እንድንራመድ ነው
ከቁርጭምጭሚት ኦፕራሲዮን በኋላ በቤት ውስጥ ስለሚቀጥለው ሕክምና

አንድ የክረምት ንጋት ላይ እናታችን ለሱብሒ ሰላት ውዱእ ልታደርግ ከቤት ወጣች። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ስለነበር የግቢያችን የድንጋይ ደረጃ ያሟልጫል። መጀመሪያ የማንቆርቆሪያው ድምፅ ተሰማ፤ ቀጥሎ የእርሷ ጩኸት። ሮጠን ስንደርስ ግራ እግሯ ከቁርጭምጭሚቱ ላይ ወደ ጎን ዞሮ አገኘነው።

ሆስፒታል ወሰድናት። ራጅ ተነሳች፤ እብጠቱ እስኪቀንስ ጥቂት ቀናት ከቆየች በኋላም ኦፕራሲዮን ሆነች። ሐኪሙ የተሰበረውን አጥንት ወደ ቦታው መልሶ በቀጭን ብረትና በብሎኖች አሰረው። ሥራው የተዋጣ ነበር፤ አልሐምዱሊላህ። በሁለተኛው ሳምንት ስፌቱ ሲወጣ ጀሶው ተነሥቶ የሚፈታና የሚታሰር ድጋፍ ተደረገላት። ለእኛም የእግር ሥዕሎችና ቀስቶች ያሉበት አንድ ወረቀት ተሰጠን። ወረቀቱን አጥፈን ከራጁ ጋር ቁምሳጥን ውስጥ አስቀመጥነው።

ውድ አንባቢያን! በዚህ ጽሑፍ የምናነሳው ያ ወረቀት ቁምሳጥን ውስጥ በቆየባቸው ሳምንታት ስለሠራነው ስህተትና ከዚያም ስለተማርነው ነገር ነው። በየቤታችን በመኪና አደጋ፣ በእግር ኳስ ወይም እንደ እናታችን በደረጃ ላይ ቁርጭምጭሚቱ የሚሰበር ሰው አይጠፋምና ትምህርቱ ለብዙዎች ይጠቅማል ብለን እናምናለን።

በፍቅር የታሰረ እግር

እናታችን ከሆስፒታል ስትመለስ ልጆቿ ተሰብስበን አንድ ነገር ወሰንን፤ እንኳን መሬት ልትረግጥ፣ ጣቷንም እንዳታንቀሳቅስ። ሻይዋ አልጋዋ ድረስ ይመጣል፤ ውሃው ይቀርባል፤ ልጅ ሁልጊዜ አጠገቧ ይቀመጣል። ሊጠይቋት የሚመጡት ጎረቤቶችም «አላህ ያሽርሽ፤ አደራ እንዳትነቃነቂ፣ ብረቱ ይወልቃል» እያሉ ይመክሯታል። እርሷም ያመነችው ይህንኑ ነበር። ድጋፉ ከእግሯ አልተፈታም።

ስምንት ሳምንት እንዲህ አለፈ። ለቀጠሮ ስንሄድ የተነሳችው ራጅ አጥንቱ በደንብ እየገጠመ መሆኑን አሳየ። ደስ አለን። ድጋፉ ተፈትቶ «እስቲ ይነሡ» በተባለች ጊዜ ግን እግሯ እንደ እንጨት ደርቆ ነበር። ባቷ ከሌላው ጋር ሲተያይ ሟሽሿል፤ ቁርጭምጭሚቷ ወደ ላይም ወደ ታችም አልታዘዝ አላት። እቤት ተመልሳ የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ከእንግዲህ ለሰላት መሬት ላይ አልቀመጥም ማለት ነው?» የሚል ነበር። የምንመልሰው አጣን።

ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍል በተላክን ጊዜ የተቀበለችን ወጣት ባለሙያ እግሯን አይታ ወረቀቱን ጠየቀችን። የት እንዳለ ነገርናት። አልተቆጣችም፤ አስተማሪ መሆናችንን ስትሰማ ግን እንዲህ አለችን፦ «ኡስታዝ፣ ተማሪዎ ፈተና ሲቀርብበት ደብተሩን ቆልፈው ያስቀምጡበታል? እማማ ላይ ያደረጋችሁት ይህንኑ ነው።»

ብረቱ ለምን ይገባል?

ብዙዎቻችን ብረት የሚገባው እግሩ ጭራሽ እንዳይነቃነቅ ይመስለናል። እውነቱ ግን ተቃራኒ ነው። በቀድሞው ዘመን የተሰበረ እግር ለረጅም ጊዜ በጀሶ ታስሮ ወይም ተንጠልጥሎ ይቆይ ነበር። አጥንቱ ይገጥማል፤ መገጣጠሚያው ግን ይደርቃል፣ ጡንቻው ይሟሽሻል፣ እብጠቱም አይለቅም። ሐኪሞች ይህን ጉዳት «የስብራት በሽታ» እስከማለት ደርሰዋል። እ.ኤ.አ. በ1958 ሞሪስ ሙለርን ጨምሮ 13 የስዊዘርላንድ ሐኪሞች «ኤ.ኦ.» በሚል አጭር ስም የሚታወቀውን ቡድን ሲመሠርቱ ከዓላማዎቻቸው አንዱ ይህን ማስቀረት ነበር። አጥንቱን በብረትና በብሎን አጥብቀው የሚያስሩት መገጣጠሚያው ቶሎ መንቀሳቀስ እንዲጀምር ነው። በካናዳ ቶሮንቶ ደግሞ ሮበርት ሳልተር የተባሉት የአጥንት ሐኪም ከ1970ዎቹ ጀምሮ በጥንቸሎች ላይ ባደረጉት ምርምር፣ የተጎዳ የመገጣጠሚያ ልስልስ አጥንት ታስሮ ከሚቆይ ይልቅ ሲንቀሳቀስ በተሻለ ሁኔታ እንደሚድን አሳይተዋል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። እግርን ማንቀሳቀስ አንድ ነገር ነው፤ በእግር ላይ መቆም ሌላ ነገር ነው። የሰውነት ክብደት ሳያርፍበት ቁርጭምጭሚትን ማጠፍና መዘርጋት ብዙ ጊዜ ቁስሉ እንደደረቀ ይፈቀዳል። መርገጥ ግን አጥንቱ እስኪጠነክር ይጠብቃል። የእኛ ቤት ስህተት «አትርገጪ» የተባለውን «አትነቃነቂ» ብለን መተርጎማችን ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት

በእነዚህ ቀናት ዋናው ጠላት እብጠት ነው። እግሩ ከልብ ከፍ ብሎ እንዲቀመጥ ያስፈልጋል። ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ እግሩን በርጩማ ላይ ቢያኖር አይበቃም፤ ተንጋሎ ከባቱ ሥር ሁለት ወይም ሦስት ትራስ መደረብ አለበት። ሐኪሙ ካልከለከለ በረዶ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይያዛል። በረዶውን በባዶ ቆዳ ላይ ማድረግ ቆዳውን ይጎዳል፤ በስኳር ሕመም ምክንያት እግሩ ለደነዘዘ ሰው ደግሞ ሐኪም ሳይጠየቅ አይደረግም።

እግሩ በጀሶ ውስጥ ቢሆንም የሚሠራ ሥራ አለ። የእግር ጣቶችን በየሰዓቱ ማጠፍና መዘርጋት፤ ጉልበትን አቅንቶ የታፋን ጡንቻ አጥብቆ አምስት ሰከንድ መያዝና መልቀቅ፤ ተንጋሎ እግሩን ሳያጥፉ ጥቂት ከፍ አድርጎ ቀስ ብሎ ማውረድ። እያንዳንዱን ከ10 እስከ 15 ጊዜ፣ በቀን ሦስቴ መሥራት ይቻላል። ይህ ደም እንዲዘዋወርና ታፋው እንዳይሰንፍ ይረዳል።

ክራንች የሚጠቀም ሰው ክብደቱን በመዳፉ እንጂ በብብቱ መሸከም የለበትም። በክራንቹ ጫፍና በብብቱ መካከል ሁለት ወይም ሦስት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይኑር፤ አለዚያ ነርቭ ተጨቁኖ እጅ ይደነዝዛል። ደረጃ ሲወጣ ደህናው እግር ይቀድማል፤ ሲወርድ ግን ክራንቹና የታመመው እግር ይቀድማሉ። የቤቱ ሰዎችም የሚያደናቅፍ ምንጣፍ ያንሡ፤ እርጥብ ወለል ያድርቁ፤ ሌሊት መብራት ይተዉ። ሁለተኛ ውድቀት ከመጀመሪያው ይከፋል።

ቁስሉ ከደረቀ በኋላ

ስፌቱ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 14 ቀናት ውስጥ ይወጣል። ሐኪሙ «አንቀሳቅስ» ካለ ያ ወረቀት ከቁምሳጥን የሚወጣበት ቀን ይህ ነው። ድጋፉ ይፈታል፤ ተንጋለው ወይም ተቀምጠው ጣቶችን ወደ ራስ መሳብ፣ ከዚያም ወደ ታች መግፋት። በአንድ ጊዜ ከ10 እስከ 20፣ በቀን አራት ወይም አምስት ጊዜ።

ሌላው እንቅስቃሴ በእግር አውራ ጣት አየር ላይ ፊደል መጻፍ ነው። ፊዚዮቴራፒስቷ ይህን ስትነግራት እናታችን «እኔ የተማርኩት ቁርኣን ቤት ነው፤ የማውቀው አሊፍ ባን ነው» አለች። «እሱን ይጻፉዋ!» ተባለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከዙህር በኋላ እግሯን ዘርግታ ከአሊፍ እስከ ያ ሃያ ስምንቱን ፊደል ትጽፍ ጀመር። የልጅ ልጆቿም ከበዋት «አያቴ፣ የባን ነጥብ ረሳሽ!» እያሉ ያርሟታል። በመጀመሪያው ሳምንት ፊደሏ ሁሉ እንደ አሊፍ ቀጥ ያለ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ጂም መጠምዘዝ ጀመረች።

ሦስተኛው የነጠላ ወይም የፎጣ ሥራ ነው። እግርን ዘርግቶ ተቀምጦ ፎጣውን በፊት እግር መርገጫ ላይ ማዋልና ባት እስኪወጠር ድረስ በሁለት እጅ ቀስ አድርጎ ወደ ራስ መሳብ፤ 30 ሰከንድ መያዝ፤ ሦስቴ መድገም። መንጠቅ ወይም ማወዛወዝ የለበትም። ፎጣ መሬት ላይ ዘርግቶ በእግር ጣቶች እየጨበጡ መሰብሰብም የእግርን ትንንሽ ጡንቻዎች ያነቃል። ጠባሳው ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ በኋላ በትንሽ ቅባት በጣት ዙሪያውን ማሸት ቆዳው ከሥሩ ካለው ሥጋ ጋር እንዳይጣበቅ ያግዛል።

አንድ ማሳሰቢያ አለን። ይህ ቅደም ተከተል ለአጥንት ስብራት ነው። የተረከዙ ትልቅ ጅማት ተበጥሶ የተሰፋለት ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እግሩን ወደ ላይ መለጠጥ ጅማቱን ሊያላላ ወይም ሊበጥስ ስለሚችል መርሐ ግብሩ ሌላ ነው። በቅልጥሙ ሁለት አጥንቶች መካከል ብሎን የገባለትና የስኳር ሕመም ያለበት ሰውም ጊዜው ሊራዘምበት ይችላል።

መሬት መርገጥ

ለብዙ ዓመታት ልማዱ ስድስት ሳምንት ያህል ሳይረግጡ መቆየት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 በእንግሊዝ አገር ተካሂዶ «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት ከሁለት ሳምንት በኋላ መርገጥ የጀመሩ ሕሙማን ስድስት ሳምንት ከጠበቁት ያላነሰ ውጤት እንዳገኙ አሳይቷል። ይህ ማለት ግን ማንም ተነሥቶ ይርገጥ ማለት አይደለም። የስብራቱ ዓይነት፣ የአጥንቱ ጥንካሬና የሌላ ሕመም መኖር ይለያያልና ቀኑን የሚወስነው ኦፕራሲዮን ያደረገው ሐኪም ነው።

ከተፈቀደ በኋላም በአንድ ቀን ሙሉ ክብደት አይጫንም። የቤት ሚዛን ካለ የታመመውን እግር በእርሱ ላይ አኑሮ በክራንች እየታገዙ የክብደትን ሩብ ያህል መጫን፣ ቀጥሎ ግማሹን፣ ከዚያም ሦስት አራተኛውን መለማመድ ይቻላል። ሲራመዱ ተረከዝ ቀድሞ ይረፍ፤ ከዚያ መሐል እግር፤ በመጨረሻ ጣቶች መሬቱን ይግፉ። እግርን ወደ ውጭ አዙሮ እንደ በትር መጎተት ቀላል ይመስላል፤ ከለመደ ግን ጉልበትንና ወገብን ያሳምማል። ስለዚህ እያነከሱ ያለ ክራንች ከመሄድ በአንድ ክራንች አስተካክሎ መሄድ ይሻላል፤ ክራንቹም የሚያዘው በደህናው እግር በኩል ነው።

«ምን ያህል ሕመም ይፈቀዳል?» የሚለው ጥያቄ ሁሌም ይነሳል። ባለሙያዋ የነገረችን መመዘኛ ይህ ነው። ሕመምን ከ0 እስከ 10 ይስጡት። በሥራው ጊዜ እስከ 3 ወይም 4 ቢደርስና በማግስቱ ጠዋት ወደ ነበረበት ቢመለስ ደህና ነው። ጠዋት እግሩ ከትናንቱ ይበልጥ አብጦ ወይም አሞ ካደረ ግን ሥራው በዝቷል፤ በግማሽ ይቀነስ እንጂ አይቋረጥ።

ኃይልና ሚዛን

አጥንት የመግጠም ሥራውን በአብዛኛው ከ6 እስከ 12 ሳምንታት ይሠራል። ጡንቻ ግን ካልሠራ አይመለስም። የብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ ቆርጦ አንዱን ጫፍ ከጠረጴዛ እግር ጋር አስሮ፣ ሌላውን በፊት እግር ላይ አውሎ በአራቱም አቅጣጫ መሳብ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ማጠንከሪያ ነው። ቀጥሎ ግድግዳ ይዞ በሁለት እግር ጣቶች ላይ መነሣትና ቀስ ብሎ መውረድ። ይህ 20 ጊዜ ሲቀል በሁለት እግር ተነሥቶ በታመመው ብቻ መውረድ፤ በመጨረሻም በታመመው እግር ብቻ መነሣት።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ሚዛንን ነው። ቁርጭምጭሚት ሲጎዳ እግር በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ለአእምሮ የሚናገሩት ስሜቶችም ይደክማሉ። ድጋሚ የሚወድቁት በዚህ ምክንያት ነው። መድኃኒቱ በአንድ እግር መቆም ነው፤ መጀመሪያ ግድግዳ ተደግፎ፣ ከዚያ በአንድ ጣት ነክቶ፣ ከዚያ ሳይነኩ 30 ሰከንድ። እናታችን ይህን የምታደርገው ሲዋክ ስታደርግ ነበር። በአንድ እጅ ሲዋክ፣ በሌላው በር ይዛ በግራ እግሯ ትቆማለች። ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ!

ለወጣቶች የምንለው አለን። ኳስ ሜዳ የሚናፍቃችሁ ወንድሞች ሆይ፣ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል»። በታመመው እግር ብቻ ቆማችሁ ጣት ላይ መነሣትን እንደ ደህናው መድገም ሳትችሉ፣ ሳታነክሱ ፈጥናችሁ መራመድ ሳትችሉ ወደ ሩጫ አትሂዱ። ይህም ብዙ ጊዜ ወራትን ይጠይቃል። ማታ ማታ የሚመጣ እብጠት እስከ አንድ ዓመት ሊቆይ ይችላልና ተስፋ አያስቆርጣችሁ። ሲጋራ የምታጨሱ ካላችሁ ደግሞ ሲጋራ የአጥንትንም የቁስልንም መዳን እንደሚያዘገይ እወቁ።

ሰላትና ቁርጭምጭሚት

የእኛ አኗኗር ከቁርጭምጭሚት ብዙ ይፈልጋል። በሱጁድ ጣቶች ታጥፈው መሬት ይይዛሉ፤ በተሸሁድ ቀኝ እግር በጣቶቹ ይተከላል፣ ግራው ከሥር ተነጥፎ ይቀመጡበታል። መፀዳጃ ቤት ቁጢጥ ስንል ደግሞ ተረከዝ ሳይነሣ ጉልበት ወደ ፊት ይሄዳል። በወንበር ኑሮ ለሚኖር ሰው የሚበቃው መታጠፍ ለእኛ ላይበቃ ይችላል። ስለዚህ ለፊዚዮቴራፒስቱ «እኔ መሬት ላይ እቀመጣለሁ፣ እሰግዳለሁ» ብሎ መናገር ያስፈልጋል።

እስከዚያ ድረስ ግን ዲናችን መውጫ ሰጥቷል። መቆም ያልቻለ ተቀምጦ፣ መቀመጥ ያልቻለ በጎኑ ሆኖ ይሰግዳል። ወንበር ላይ የሚሰግድ ሰው ለሩኩዕ ጎንበስ ይላል፤ ለሱጁድ ከዚያ ይበልጥ ዝቅ ይላል። ጀሶ የታሰረበት እግርም በውዱእ ጊዜ ጀሶው ላይ እርጥብ እጅ በማበስ ይታለፋል፤ ዝርዝሩን የአካባቢያችንን ዓሊም መጠየቅ ነው። ጀሶን ውሃ ውስጥ መንከር ወይም በተሰበረ እግር እየተንቀጠቀጡ መቆም የበለጠ አጅር ያስገኛል ብሎ ማሰብ ስህተት ነው።

እድገትን ለመለካት ቀላል መንገድ አለ። ፊትን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆሞ፣ ተረከዝ ሳይነሣ ጉልበትን ግድግዳ ማስነካት። ከነካ እግርን ትንሽ ወደ ኋላ ማራቅና መድገም። በአውራ ጣትና በግድግዳው መካከል ያለውን ርቀት በጣት ስፋት ለክቶ ከደህናው እግር ጋር ማወዳደር። እናታችን ስትጀምር ደህናው እግሯ አምስት ጣት ሲሆን የታመመው ጭራሽ ግድግዳውን አላስነካም። ቁጥሩን በየጁምዓው በደብተር ጻፍነው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን አባባል እንዲህ በዓይናችን አየነው።

መቼ ወደ ሐኪም እንሩጥ?

የታመመው እግር ባት በድንገት አብጦ፣ ሞቆና ሲነኩት የሚያም ከሆነ በደም ሥር ውስጥ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል። የትንፋሽ ማጠርና የደረት ውጋት ከተከተለ የረጋው ደም ወደ ሳንባ ሄዶ ሊሆን ስለሚችል አንድ ሰዓት እንኳ አይታደርም። ትኩሳት፣ የቁስሉ መቅላትና መግል የመመረዝ ምልክቶች ናቸው። ጣቶች ሲቀዘቅዙ፣ ሲጠቁሩ ወይም ሲደነዝዙ፤ ወይም ሕመሙ ከጉዳቱ በላይ ሆኖ እንደ እሳት ሲያቃጥል መዘግየት አይገባም።

ወጌሻዎቻችንን በተመለከተ፣ በየሰፈራችን የተከበሩ ሰዎች መሆናቸውን እናውቃለን። ነገር ግን ብረት የገባበትን እግር በኃይል ማሸትና መጎተት ብሎኑን ሊያላላ፣ የረጋ ደም ካለም ሊያንቀሳቅስ ይችላል። አንድ ዘመዳችን ወጌሻ ይዞ ሲመጣ ሰውየው ራሳቸው ጠባሳውን አይተው «ይህ የሐኪም እጅ ነው፤ እኔ አልነካውም» ብለው ቡና ጠጥተው ሄዱ። አላህ ይስጣቸው።

ማጠቃለያ

እናታችን ዘጠነኛው ሳምንት ላይ የጀመረችውን ሥራ ለሰባት ወራት ያህል ሠራች። ያለቀሰችባቸው ቀናት ነበሩ፤ «ተዉኝ» ያለችባቸውም ነበሩ። በሁለተኛው ሳምንት ብንጀምር ኖሮ ምናልባት ብዙውን ለቅሶ ባስቀረንላት ነበር። ይህን ስንጽፍ አሁንም ያሳፍረናል። ፍቅራችን እውነተኛ ነበር፤ እውቀት ስለጎደለው ግን አሠራት።

አንድ ቀን ከመግሪብ ሰላት በኋላ ከመስጊድ ስንመለስ ወንበሯ ባዶ ሆኖ ግድግዳ ጥግ ቆሞ አየነው። እርሷ መስገጃዋ ላይ ነበረች፤ ግራ እግሯ ከሥሯ ተነጥፏል፤ ከቁርጭምጭሚቷ በታች አንዲት ቀጭን ትራስ አድርጋለች። እግሯ ሙሉ በሙሉ እንደ ድሮው አልሆነም፤ ብርድ ሲሆን ያማታል፤ ትራሷም እስከ ዛሬ አልቀረችም። ግን ተቀምጣለች። አሰላምታ ካወጣች በኋላ ዞራ አይታን «ያን ወረቀት ለጎረቤቶች አባዝተህ ስጥ» አለችን።

እነሆ፣ በዚህ ጽሑፍ አደራዋን ተወጣን። አላህ (ሱ.ወ.) ለታመሙት ሁሉ ዓፊያ ይስጥ፤ ለአስታማሚዎችም ከፍቅር ጋር እውቀትን ይለግስ። አሚን።